ለአባት የሚሰጥ ቀን

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለፊደል አባቴና ለሚስቴ አባት፣ ለመሪጌታ ባምላኩ
ዋንዛሜዳ፣ ቡሬ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እማማ ሀብትነሽስ ወገባቸውን ተሻላቸው? ያምሮትስ? እናንተ ደህና ሁኑልኝ እንጂ እኔ ከናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም።

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደረሰኝ። «አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ የምትለካው ምንድን ነው? ቀያሽ ሆንክ እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ቀያሽ አልሆንኩም አባቴ። የምለካው ቀን ነው። ሚስቱ የወለደችለት ሰው ደመወዙ ሳይቆረጥበት ስንት ቀን ከቤቱ እንደሚውል፣ በየአገሩ ሕግ እያነበብኩ እለካለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንዱ አገር በሳምንት ይጽፋል፣ አንዱ በወር። አንዱ እሑድን ይቆጥራል፣ ሌላው ይዘላል። ሙሉ ደመወዝ የሚከፍል አለ፣ ግማሹን የሚከፍልም አለ። ይህን ሁሉ ወደ አንድ መለኪያ አመጣዋለሁ፤ የየሰዉን እህል በአንድ ቁና እንደ መስፈር ነው። አይስላንድ የምትባል የበረዶ አገር አለች፤ ለአባት ብቻ ሦስት ወር ልትሰጥ ነው። ኖርዌይ አራት ሳምንት፣ ፈረንሳይ ዐሥራ አንድ ቀን፣ አልጄሪያ ሦስት ቀን ትሰጣለች።

«ለወሊዷ ትመጣለህ ወይ?» ላሉኝ ደግሞ መልሱን እየፈራሁ ነው እዚህ ድረስ ያቆየሁት። እንደኔ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደርበት የእኛ ዐዋጅ ለእናት ዘጠና ቀን ይሰጣል። ስለ አባት አንድም ቃል የለውም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የዓመት ፈቃድ እንዳልጠይቅ ከተቀጠርኩ ገና አምስት ወሬ ነው፤ ዓመት ሳይሞላ አይሰጥም። ቅዳሜ እስከ ቀትር እንሠራለን፤ አውቶቡሱ የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ መሄጃው አንድ ቀን ሙሉ፣ መመለሻውም እንዲሁ። በእሑድ ብቻ ደርሼ ልመለስ ብል ጎሐ ጽዮን ምሳ በልቼ መመለሴ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ክንፈሚካኤል ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ጥናቱ ለውጭ ሰዎች በየካቲት መድረስ አለበት፣ ሠራተኛውም አራት ብቻ ነን። ለያምሮት እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኛል። እርስዎ እንዳሻዎ አድርገው ይንገሩልኝ።

እጅዎን እስማለሁ።
ምስክር

---

ዋንዛሜዳ፣ ኅዳር 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ምስክር፣ የሰላም አምላክ ከአንተ ጋር ይሁን

ወጉ አማችን በአንቱታ መጥራት ነበር። አንተን ግን ሀ ሁ ካስቆጠርኩህ ጊዜ ጀምሮ አንተ ስልህ ስለኖርኩ አፌ አልመለስ አለኝ፤ ይቅር በለኝ።

ስለ ሥራህ የጻፍከውን ለሀብትነሽና ለያምሮት አነበብኩላቸው። ሀብትነሽ «ሦስት ወር ሙሉ ቤት ውሎ ምን ይሠራል? እሱም ይታረሳል?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ገንፎውን ማን እንደሚበላም ጠየቀች። ያምሮት ግን አልሳቀችም። የበረዶውን አገር ስም ሁለት ጊዜ ደግሜ እንዳነብላት አደረገችኝ። ለዓለም አባቶች ሁሉ ቀን የምትሰፍር ልጄ ለራስህ አንድ ቀን አጣህ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ይሁንና አትዘን። በኛ አገር ባል ለምጥ አይፈለግም። ወንዱ ውጭ ቆሞ «ማርያም ማርያም» ይላል፣ እሱንም ጎረቤት ይልለታል። እኔ ያምሮት ስትወለድ ሽንዲ ለማኅሌት ሄጄ ነበር፤ ስመለስ እልልታው አልቆ ሰዉ ጠላውን ጨርሶ ጠበቀኝ። ማንም አልወቀሰኝም። አባት የሚፈለገው ለክርስትናው ነው። ወንድ ቢሆን በአርባ፣ ሴት ብትሆን በሰማንያ፤ ያን ጊዜ የካቲትም ያልቃል፣ ፈረንጆችህም ሠንጠረዣቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ አንተም ትመጣለህ። ያለችህን ቀን ለዚያ አስቀምጥ።

የእርጉዝ አመጋገብ ብለህ የላክኸውን ወረቀት ለሀብትነሽ ሰጠኋት። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብላ ጣራው ላይ ሻጠችው። ስድስት ወልዳለችና ተዋት።

ስልክ እደውላለሁ ያልከውንም ተው። ያለፈው ጊዜ መልእክተኛ ጥሪ ብለው ከቴሌ ሰው ልከው ቡሬ ድረስ አስወርደውኝ፣ «ሃሎ» እንዳልኩ መስመሩ ተቆረጠ። ሁለት ሰዓት መንገድ ለአንዲት ሃሎ! ደብዳቤ ይሻላል። የያምሮት አጎት ተስፋው ቡሬ ካለው ሱቁ ሆኖ ለአውቶቡስ ሹፌሮቹ ይሰጥልኛል።

ያምሮት ደህና ናት። ምንም እንድልህ አልነገረችኝም። ምንም እንድልህ አለመንገሯን ግን ልንገርህ ብዬ ነው።

ባምላኩ

---

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

አባቴ መሪጌታ፣ አያት ሆኑ!

እንኳን ማርያም ማረቻት! እንኳን ለዚህ አበቃን! ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ሴት ልጅ! ጮክ ብዬ ተናገርኩ መሰለኝ፣ አብራኝ የምትሠራው ዓለምብርሃን ከወንበሯ ተነሥታ እልል አለች፤ አቶ ክንፈሚካኤልም መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ፣ ለምሳም ሁላችንንም ጋበዙን። «ብንችል ኖሮ…» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ቀሩ። እሳቸውም ልክ እንደኔ ሕጉን ያውቁታል።

ስም አውጣ ብለውኛል። ንጋት በሏት። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አድሬ ነው፣ ግን እንደ ጨረስኩ ስሙ ድሮም የሷ የነበረ መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። ደብዳቤዎ ሁለት ገጽ ነው፤ ስለ ሕፃኗ ያለው ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው። ስለ ገብሱ፣ ስለ ወይፈኑ፣ የአጥር ወሰን ስለገፋው ጎረቤትዎ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈዋል። የአጥሩ ነገር ያሳስበኛል፣ አላሳሰበኝም አልልም። ግን ልጄ ትጠባለች? ትተኛለች? ስታለቅስ ድምፅዋ እንዴት ነው? ያምሮት ቀና ብላ ተቀመጠች? ዓይኔን ጨፍኜ ላያት ስሞክር የማየው መጠቅለያውን ብቻ ነው።

በዚህ ሳምንት የደረስኩበት አገር ሕግ አባት ልጁ በተወለደ በሁለት ወር ውስጥ ካልተጠቀመበት ቀኑ ይቃጠላል ይላል። ጎበዝ፣ ቀን እንደሚቃጠል አላውቅም ነበር።

ምስክር

---

ዋንዛሜዳ፣ ጥር 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ምስክር

እንዴት ከረምክ? የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን። ከብቱ ደህና ነው። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ያ ጎረቤታችንም ሽማግሌ ተልኮበት አጥሩን መለሰ፤ ከይቅርታው ጋር አንድ ጋን ጠላ ይዞ መጣ። ሀብትነሽ ወገቧን ተሽሏታል። ለጥምቀትም እየተዘጋጀን ነው፣ የዘንድሮው ማኅሌት ያምራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከግሽ ዓባይ ሁለት ጥሩ ድምፅ ያላቸው ልጆች መጥተውልናል።

ስሙ ደርሶናል። ንጋት ብለናታል። ያምሮት ስሙን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ወዳዋለች ማለት ነው።

ሕፃኗ ትጠባለች። ጥቂት ጥቂት ነው፣ ቶሎ ይደክማታል። ሕፃን መቼም እንዲህ ነው።

ሌላው ወሬ፣ ባለፈው ቅዳሜ ክርስትና አስነሣናት። ሰማንያውን እንጠብቅ ብለን ነበር፣ ነገር ግን አጥማቂው ቄስ ወደ ግሽ ዓባይ ሊሄዱ ስለሆነ፣ ከሄዱ ደግሞ መቼ እንደሚመለሱ ስለማይታወቅ፣ ይቅደም ተባለ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው። ክርስትና እናቷ የተስፋው ባለቤት ናት። ድግሱን አንተ ስትመጣ እንደግሰዋለን፤ ስለዚህ ለመምጣት አትቸኩል፣ ሥራህን ተረጋግተህ ሥራ።

ስለ ሌላው ሁሉ አታስብ። ሆድህ እንዳይባባ።

ባምላኩ

---

አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

አባቴ

ዛሬ ሰላምታዬን አጭር ያደረግሁት ክብርዎን ረስቼ አይደለም።

እርስዎ ቤት ነው ያደግሁት። የቆሎ ተማሪ ሆኜ ከደጅዎ ቆሜ ስንት ክርስትና አይቻለሁ። ሴት ልጅ በሃያ ሦስት ቀኗ የምትጠመቀው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግሽ ዓባይ የሚሄድ ቄስ ይመለሳል፤ አገሩ ኢየሩሳሌም አይደለም። ሳይጠመቁ እንዳይቀሩ የሚፈራላቸው ልጆች ብቻ ናቸው ከቀናቸው የሚቀድሙት። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ እንግዲህ ባስተማሩኝ ይጠየቁ።

ልጄ ምን ሆናለች? እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ። እዚህ ሆኜ የማላውቀው ነገር ከማውቀው ይብስብኛል። ሰው ሲስቅ እየሰማሁ ሕግ አነባለሁ፤ አንዱን አገር ሁለት ጊዜ መዝግቤ ዓለምብርሃን አረመችኝ።

ትናንት አቶ ክንፈሚካኤል ዘንድ ገባሁ። ልጄ ታማለች፣ ልሂድ አልኳቸው። ዐዋጁን ከመሳቢያ አውጥተው አብረን አነበብነው፤ ሁለታችንም በቃላችን የምናውቀውን። ለሠርግ ሦስት ቀን። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ አማት እንኳ ሲሞት ሦስት ቀን፣ ከነደመወዙ። ለመታመም የለም። ለመወለድ የለም። «እኔ ዝም ብዬ ብለቅህ ሒሳብ የሚመረምሩት የበላይ ኃላፊዎች ያንተንም የኔንም ውል ያቋርጡታል፤ ባለፈው ዓመት አንዱን እንዲህ አድርገውታል» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ያዘለ ነበር። ሰውየውን መጥላት ብችል ምንኛ ባረፍኩ።

ጥዬው ልምጣ ወይ? አንድ ቃል ይበቃኛል። ሐኪም አይቷት ከሆነም ምን እንዳለ ይንገሩኝ።

ምስክር

---

ዋንዛሜዳ፣ ጥር 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ልጄ ምስክር

ቅዳሜ ለት የምልከው ደብዳቤ ሌላ ነው፤ ይህ ለአንተ ብቻ ነውና ዛሬውኑ ወደ ቡሬ ለሚወርድ ሰው ሰጠሁት። አንብበህ ቅደደው።

ዋሽቼሃለሁ። ቄሱ የትም አልሄዱም። ሕፃኗ ስትጠባ ላብ ያጠምቃታል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ፍኖተ ሰላም ወስደናት ነበር። ወጣት ሐኪም ነው፣ በጣም ቆይቶ አዳመጣት። ልቧ ላይ ድምፅ አለ፣ እንዲህ ያለው የሚታየው አዲስ አበባ ነው፣ ግን አሁን መንገዱን አትችለውም፣ ትንሽ ትጠንክር አለን። ትጠነክራለች ወይ ብዬ ስጠይቀው ለእናቷ መድኃኒቱን እንዴት እንደምትሰጣት ማስረዳት ጀመረ። ስለዚህ ሥራህን አትጣል። የጠነከረች እንደሆነ ያንተ ደመወዝ ነው የሚያሳክማት።

ያምሮት ግን ትናንት ተናገረች። «አባቷ ሳያያት እንዳትሄድ» አለች። ከወለደች ጀምሮ የለመነችኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ሌሊቱን አሰብኩበት። ሕጋችሁ ለአማት ሞት ሦስት ቀን ይሰጣል ብለህ ጽፈህልኛል። እንግዲያው ልሙትልህ።

አትደንግጥ። ተስፋው «መሪጌታ ባምላኩ በድንገት ዐርፈዋል፣ አማቻቸው ይላክልን» ብሎ ለሥራ አስኪያጅህ ይጽፋል፤ የቅዳሜው ሹፌር ሰኞ ጧት ቢሮህ ድረስ ያደርሳል። አንተ ማክሰኞ ትሳፈራለህ፣ ማታ እዚህ ነህ። ልጅህን ታያለህ። ሲጠይቁህ አልቅስ፤ ካቃተህ ድሮ ያስገረፍኩህን አስበህ አልቅስ።

ሀብትነሽ ስትሰማ «አፍዎን ይያዙ! ሟርት!» ብላ ሦስት ጊዜ አማተበች። ከዚያ ግን ተስፋውን የጠራችው እሷ ናት። ሳይሞቱ ፍትሐት የሚደረግላቸው መነኮሳት ብቻ ናቸው፤ መሪጌታ ለዚህ ማዕርግ ሲደርስ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ኀጢአት ነው፣ አውቃለሁ። በኋላ እከፍለዋለሁ።

ቶሎ ና።
ባምላኩ

---

አዲስ አበባ፣ ጥር 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

አባቴ

ይህችን በችኮላ ነው። ደብዳቤዎ ቅዳሜ ማታ ደረሰኝ፤ ልብሴን ቋጥሬ ሰኞን ጠበቅሁ። ሰኞ አለፈ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ አለፈ። ዛሬ ሐሙስ ነው። የተስፋው ደብዳቤ አልመጣም። ሹፌሩ ጥሎት ይሆን? ወይስ እርስዎ ኀጢአቱን ፈርተው ተዉት? ከተዉት አልቀየምዎትም፣ ብቻ ይንገሩኝ።

መጠየቅ አልቻልኩም። «ከአገር ቤት ደብዳቤ አልመጣም?» ብዬ ደጋግሜ ብጠይቅ ያስነቃብኛል። ዓለምብርሃንን አንዴ እንደ ዋዛ ጠየቅኋት። ዓይኗ እንባ ሞላና «አልመጣም፣ ና ሻይ እንጠጣ» አለችኝ። ነገሩ አላማረኝም። በዚህ ሳምንት ሁሉም ተለውጠዋል። እኔ ስገባ ወሬ ይቆማል። አቶ ክንፈሚካኤል የቀሩኝን አገሮች ከፊቴ አንሥተው ለሌላ ሰው ሰጡ፤ ቀትር ላይ ደግሞ ራሳቸው ምሳ አስመጥተውልኝ «ብላ፣ ሰው ካልበላ አይጠነክርም» እያሉ እስክጨርስ ቁጭ ብለው አዩኝ። ትናንት አከራዬን መንገድ ላይ አቁመው ሲያነጋግሯት አየሁ። ሥራውን እየተረከቡኝ ነው። ሊያባርሩኝ ነው፣ መናገሩ ከብዷቸው ነው።

እውነቱን ልንገርዎ? ቢያባርሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ማንንም አላስፈቅድም። ግን ሐኪሙ ያለውን አስባለሁና ደግሞ እፈራለሁ። ዛሬ ጥዬ ልሂድ እላለሁ፣ ነገ ደብዳቤው ይመጣል እላለሁ። እስከ ሰኞ ካልመጣ ሞት ቢሆን እመጣለሁ።

ለያምሮት መንገድ ጀምሯል በሏት።

ምስክር

---

አዲስ አበባ፣ የካቲት 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

አባቴ መሪጌታ ባምላኩ

በሰላም ገብቻለሁ።

እናንተ ዘንድ በዋልኩባት አንዲት ቀን እርስዎና እኔ አጥሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን እንጂ አልተነጋገርንም። ለምን ዘገየህ አላሉኝም፤ እኔም ምክንያቱን አልተናገርኩም። ያምሮትም ዘገየህ አላለችኝም። «ምሳ በልተሃል?» ነው ያለችኝ። ማታ ደግሞ «ሥራህን ጨረስክ?» አለችኝ፤ ሌላ ምንም። እንግዲህ ያልተናገርኩትን ልጻፍልዎ።

የተስፋው ደብዳቤ ሰኞ ጧት ደርሷል። ሹፌሩ አልጣለውም። በቀጥታ ለአቶ ክንፈሚካኤል ሰጣቸው፣ እሳቸውም አነበቡት። አንብበው ደበቁት።

ምክንያቱን እርስዎ ከኔ ቀድመው ያውቁታል። መርዶ በሥራ ቀን፣ በቀትር፣ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። የአገሩ ሰው ይፈለጋል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ሰውየው በልቶ መጠንከር አለበት፣ ሰንበት ይጠበቃል። እነሱም እንደ ወጉ ሁሉንም አደረጉ። ምሳውን ያበሉኝ ለዚህ ነበር። ሥራውን የወሰዱልኝ ለዚህ ነበር። የቡሬን ሰው ፍለጋ መርካቶ ድረስ ወርደው አራት ቀን ዞረዋል። ለማያውቁዎት ለእርስዎ፣ አባቴ፣ ለራሳቸው አባት የሚያደርጉትን አደረጉ።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ክንፈሚካኤል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ዓለምብርሃን፣ አከራዬ፣ አንድ ፀጉራቸው የነጣ የቡሬ ሽማግሌም አሉ። ሽማግሌው እጄን ይዘው «ልጄ፣ መሪጌታ ባምላኩ ዐርፈዋል» አሉኝ። መጀመሪያ እፎይ አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ደብዳቤው መጣ! ቀጥሎ «መቼ ሰማችሁ?» አልኳቸው። «ሰኞ» አሉኝ።

ሰኞ! እንዴት እንደ ጮኽኩ አላውቅም። «ለምን አልነገራችሁኝም? ለምን?» እያልኩ መሬት ላይ ተደፋሁ። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። «እንዴት ያለ አማች ነው፣ እንዴት ቢወዳቸው ነው» እያሉ አብረውኝ አለቀሱ። ልቅሶው ሳይበርድ አውቶቡሱ ሄዷል፤ እስከ ማግስቱ አስቀምጠው ሲያስተዛዝኑኝ ዋሉ። እነሱ በሬን ሲያንኳኩ እናንተ ንጋትን ይዛችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትወጡ እንደነበር ያወቅሁት ሰኞ ማታ ነው። እርስዎ ከደጅዎ ቆመው ሳይ ነው ያወቅሁት፤ ነጠላዎ የተዘቀዘቀ ነበር።

ሰኞውኑ ነግረውኝ ቢሆን ማክሰኞ ማታ እደርስ ነበር። በሕይወት ነበረች። በጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ባየኋት ነበር። ማንን ልውቀስ? የሰውን ደግነት በምን ይወቅሱታል?

ስመለስ አቶ ክንፈሚካኤል «ቀብሩ እንዴት ነበር?» አሉኝ። «አልደረስኩም» አልኳቸው። እውነት ነበር። አሁን ሕጉ በእውነት ሦስት ቀን ይሰጠኛል፤ ልጄ ሞታለችና። ግን በዚያ እሑድ ያለቀሱልኝ ሰዎች ፊት ምን ብዬ ልቁም? ይህኛው ደግሞ እውነተኛው ነው ልበላቸው? ዝም ብዬ እሠራለሁ። ጥናቱ አልቆ ተልኳል፤ አመስግነውኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያምሮትን መጠየቅ አልቻልኩም። ልጄ ምን ትመስል ነበር?

ምስክር

---

ዋንዛሜዳ፣ የካቲት 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስክር፣ መጽናናትን ይስጥህ

ደብዳቤህን ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። የንስሐ አባቴ ለሐሰተኛው ሞቴ ስግደት ሰጥተውኛል፤ እየሰገድኩ ነው፣ ጉልበቴ አልቋል። ግን ያስለቀሰኝ ስግደቱ አይደለም። ደብዳቤውን ሳስጽፍ ስለ ሁሉም አስቤ ነበር፦ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ተስፋው የእጅ ጽሑፍ። መርዶ መርዶ መሆኑን ብቻ ረሳሁ። በእነዚያ ሰዎች አትፍረድ። እኔም ብሆን እሑድን እጠብቅ ነበር፣ እኔም ምሳ አበላህ ነበር። በሰው አገር እንዲህ ያለ ሰው ካገኘህ ጌታን አመስግን፤ አሁን አይሆንልህም፣ ወደፊት ግን።

የሕፃን ልቅሶ አጭር ነው፣ አይተሃል። ማግስቱን ሰው ወደ እርሻው ሄደ። እኔን ግን አዲስ አበባ በትልቁ አልቅሶልኛል። የሷን ለቅሶ እኔ ወሰድኩባት እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ምን ትመስል ነበር አልከኝ። በሕይወት ሳለች ያልጻፍኩልህ ሆን ብዬ ነው። የሕፃን መልክ አይነገርም፣ አይወደስም፤ ዓይን ይበላዋል። አንተ ስትጠይቅ እኔ ስለ ገብስና ስለ አጥር እጽፍ ነበር። አሁን ዓይን አይደርስባትምና ልንገርህ።

አራስ ቤት መግባት ለእኔ ወግ አይደለም፤ ደህና አድርጌ ያየኋት ክርስትና የተነሣች ለት ነው። ቀይ ናት፣ እንደ ሀብትነሽ። ፀጉሯ ብዙ ነው፣ ከኋላ ግን ትራሱ መልጦታል። ግንባሯ የያምሮት ነው። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፤ እሱ ያንተ ነው፣ ፊደል ሳስቆጥርህ ስቆነጥጠው የኖርኩትን ጆሮ አጣዋለሁ እንዴ? ስታዛጋ አንድ ዓይኗን ብቻ ትከፍታለች። ሕፃናት ሁሉ ውኃው ሲነካቸው ይጮኻሉ፤ እሷ አልጮኸችም። ደክሟት ነው መሰለኝ። ዓይኗን ገልጣ ከቄሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ በሩ ታይ ነበር። ስዘምርላት ጸጥ ብላ ሰማችኝ። እንዲህ ያለ ሰሚ ኖሮኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለያምሮት አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ «ጣቶቿን ረሷቸው» አለችኝ። ረጃጅም ነበሩ በሉልኝ ብላለች፤ ስትጠባ በአንድ እጇ የእናቷን ጡት ይዛ፣ በሌላው እጇ አየሩን ትጨብጥ ነበር።

ባምላኩ